ደላላው የማይነግራችሁ፦ የቻይና ቬፕ ከሼንዠን እስከ አዳማ

ይህን የማወራው ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ባለሱቆችና ጅምላ አከፋፋዮች ነው። በቴሌግራም የሚላክላችሁን አውቀዋለሁ። በሚያብረቀርቅ ካርቶን የተደረደረ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፎቶ፣ የማንጎ፣ የወይን፣ የሐብሐብና የናና ጣዕም ዝርዝር፣ ከሥሩ ደግሞ የጅምላ ዋጋ። ወዲያው የድምፅ መልእክት ይከተላል፦ «ጋሼ፣ ይሄ የዘመኑ ዕቃ ነው። ሲጋራ አይደለም፣ ሽታ የለውም፣ ቦታ አይዝም። አንድ ካርቶን ብቻ ይሞክሩ፤ ካልተሸጠ እመልስልዎታለሁ።»

ከቻይና ዕቃ በሚያስመጣው ንግድ ውስጥ ስለምውል ጥያቄው ወደ እኔም ይመጣል። «የትኛው ብራንድ ይሻላል? ኤልፍ ባር፣ ስሞክ፣ ቬፖሬሶ ወይስ ጊክቬፕ?» መልሴ «አንዱም አይሻልም» ነው። ግን ዝም ብዬ «አትያዙ» ብላችሁ ስብከት ይመስላችኋል፤ ነጋዴ ደግሞ ስብከት ሳይሆን ሂሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ ዕቃው ከፋብሪካ ደጅ ወጥቶ ባንኮኒያችሁ ላይ እስኪደርስ ከጀርባ የሚሆነውን ላሳያችሁ። በመንገዱ ሁሉ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ዕቃው ሲበላሽ፣ ሲያዝ ወይም ሰው ሲጎዳ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? ብራንድ የሚመረጠው በዚህ ነው። ቀለሙ፣ ስሙና ዋጋው ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

«38ቱ ዕቃዎች ተለቀዋል» የሚባለው ወሬ

ደላላው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውጭ ምንዛሪ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ አግዶ ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ያ እገዳ ተነሣ። ደላላው ይህን ይዞ «አሁን ሁሉም ተፈቅዷል» ይላችኋል። ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን እያገናኘ ነው። የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ የዶላር እጥረት ጉዳይ ነበር። ቬፕ የተከለከለው ግን በጤና ሕግ ነው፤ ዶላር ቢትረፈረፍም ክልከላው ከቦታው አይነቃነቅም።

ሕጉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ኒኮቲን የሚሰጡ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ሺሻና ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም በዚያው ዐዋጅ ታግደዋል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቆች የሚሳሳቱት ነገር አለ። «አስመጪው ይጠየቅ እንጂ እኔ ምን አገባኝ፤ ገበያ ላይ አግኝቼ ነው የገዛሁት» ይላሉ። ዐዋጁ ግን አስመጪውን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን አይለያይም። መሸጥ ራሱ የተከለከለ ስለሆነ ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅም በሕጉ ውስጥ ነው።

«ሲጋራ በየሱቁ እየተሸጠ ቬፕ ለምን ይከለከላል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ሲጋራም ቢሆን በገደብ ነው የሚሸጠው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አይሸጥም፣ በነጠላ አይሸጥም፣ ከፓኬቱ ገጽ 70 በመቶው የጤና ማስጠንቀቂያ መሆን አለበት፣ ማስታወቂያ አይሠራበትም፣ ኤክሳይዝ ታክስም ይከፈልበታል። ከሲጋራው ኋላ የሚታወቅ ባለቤትም አለ። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ተጨማሪ 434 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገው። ያ ኩባንያ በሌሎች አገሮች የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ይሸጣል፤ እዚህ ግን በዐዋጁ መሠረት ሊሸጥ አይችልም። ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ያፈሰሰ፣ የራሱ ፋብሪካና ጠበቆች ያሉት ኩባንያ ያላለፈውን በር አንድ ደላላ በካርቶን አሳልፍላችኋለሁ ሲል ምን እየሸጠላችሁ እንደሆነ አስቡት። እየሸጠላችሁ ያለው የራሱን አደጋ ነው።

በፋብሪካው ደጅ

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። የዛሬው ቬፕ መነሻው ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሆን ሊክ የተባለ የሼንያንግ ፋርማሲስት ነው ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የፈለሰፈው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ደቡብ ወርዶ ሼንዠን ላይ ተከማቸ። በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ቬፕ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ይወጣል፤ በተለይ ባኦአን የሚባለው የከተማዋ ክፍል የፋብሪካ፣ የባትሪ፣ የማሸጊያና የጣዕም አቅራቢ ሰፈር ነው።

እዚያ ያለውን አሠራር ያየ ሰው ስለ ብራንድ ያለው ሐሳብ ይለወጣል። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ለብዙ ብራንዶች ያመርታል። ስሞር የሚባለው የሼንዠን ኩባንያ ቬፖሬሶ የሚለው የራሱ ብራንድ አለው፤ ከዚያ ጎን ለታላላቅ የምዕራብ የትምባሆ ኩባንያዎችም ያመርታል። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ቤተ ሙከራም የጥራት ቁጥጥርም አለው፤ ደንበኛው ትልቅ ስለሆነ ይፈራል። ከእርሱ በታች ግን ብዙ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ባትሪ ከአንዱ፣ ፈሳሽ ከሌላው፣ ሽፋን ከሦስተኛው ይገዙና የፈለጋችሁትን ስም ያትሙበታል። «የራስህን ብራንድ እንሥራልህ፤ ትንሹ ትእዛዝ ይህን ያህል ፍሬ ነው» የሚለው ግብዣ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከዚህ በታች ደግሞ የታወቀ ብራንድ አስመስሎ የሚያትመው አለ።

የታወቀውስ ብራንድ ቢሆን? ኤልፍ ባርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በብሪታንያ የተመረመሩ የኤልፍ ባር 600 ምርቶች ሕጉ ከሚፈቅደው 2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቢያንስ በግማሽ ያህል አልፈው ተገኙ፤ ታላላቅ ሱፐርማርኬቶችም ከመደርደሪያ አወረዱት። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኤልፍ ባር ወደብ ላይ እንዲያዝ አዘዘች። እዚህ ላይ ልብ የምለው ጥፋቱን ብቻ አይደለም። እነዚያ አገሮች የሚለካ ቤተ ሙከራ፣ የሚያወርድ ሱፐርማርኬትና የሚጠየቅ አስመጪ ስላላቸው ነው ነገሩ የታወቀው። እኛ ዘንድ በጓዳ የገባ ዕቃ ማንም አይለካውም። ያው ካርቶን አዳማ ቢደርስ ምን ያህል ኒኮቲን እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ሰው አይኖርም፤ የሸጠላችሁ ደላላ እንኳ አያውቅም።

ሌላው ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር የቻይና የራሷ ሕግ ነው። ቻይና ለሕዝቧ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ቬፕ አትሸጥም። ከጥቅምት 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትምባሆ ጣዕም በቀር ሌላውን ከልክላለች፤ የኒኮቲኑን መጠን ገድባለች፤ ልጅ እንዳያስነሣው የሚያደርግ መቆለፊያም አዝዛለች። በቀጣዩ ወር በምርቱ ላይ 36 በመቶ፣ በጅምላ ሽያጩ ላይ ደግሞ 11 በመቶ የፍጆታ ታክስ ጣለች። ወደ ውጭ የሚላከው ግን በማንጎና በሐብሐብ ጣዕሙ ይወጣል። በካታሎጉ ላይ የምታዩት የጣዕም ዝርዝር የሼንዠን ወጣት በሕጋዊ ሱቅ የማያገኘው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው። በቻይና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አስተዳደር ደንብ መሠረት ወደ ውጭ የሚላክ ቬፕ የሚደርስበትን አገር ሕግ ማሟላት አለበት። ኢትዮጵያ ከልክላለች። እንግዲህ «ወደ ኢትዮጵያ እንልካለን፤ ችግር የለም» የሚል አቅራቢ የእኛን ሕግ ብቻ ሳይሆን የራሱን አገር ደንብም እየጣሰ ነው። በገዛ አገሩ ደንብ የማይታመን ሰው ለእናንተ የተበላሸ ካርቶን ይተካል ብላችሁ አትጠብቁ።

በሻንጣና በድብልቅ ጭነት

ሕጋዊ ዕቃ ስታስመጡ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ባንክ ኤልሲ ይከፍታል፣ ዕቃው ጅቡቲ ይደርሳል፣ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን ይሞላል፣ ቀረጥና ታክስ ተከፍሎ ይወጣል። በየደረጃው ወረቀት አለ። ዕቃው ቢጎድል ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ጥራቱ ቢጓደል ውል ይመዘዛል።

ቬፕ በዚህ መንገድ አይመጣም። ባንክ ኤልሲ አይከፍትለትም። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ የመንገደኛ ሻንጣና ድብልቅ ጭነት። በድብልቅ ጭነት ጊዜ ካርቶኑ ከስልክ ሽፋንና ከቻርጀር መሀል ይገባና በወረቀት ላይ «የስልክ መለዋወጫ» ይባላል። ይህን ሲያደርጉ የሚረሱት ነገር አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የዕቃ አመዳደብ ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሣሪያ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ 8543.40። ትምባሆ ለሌለበት የኒኮቲን ፈሳሽም 2404.12 አለ። ስለዚህ «ምን እንደሚባል አላወቅንም» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አያዋጣም። የተሳሳተ ቁጥር የተሞላበት ዲክላራሲዮን ሲገኝ ችግሩ በቬፑ ካርቶን ላይ አይቆምም፤ አብሮት የመጣው ሕጋዊ ዕቃም ይቆማል። ከሌላ ነጋዴ ጋር ኮንቴይነር የምትጋሩ ከሆነ የባልንጀራችሁ ድብቅ ካርቶን የእናንተን የወራት ገንዘብ ሞጆ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ጭነት ከመጋራታችሁ በፊት የሁሉንም የፓኪንግ ሊስት እዩ፤ የማያሳይ ካለ ከእርሱ ጋር አትጫኑ።

ሌላው ባትሪው ነው። ቬፕ ውስጡ ሊቲየም ባትሪ አለ። በመርከብም በአውሮፕላንም ሊቲየም አደገኛ ዕቃ ተብሎ በተለየ ወረቀትና አስተሻሸግ ነው የሚጓዘው። በድብቅ የመጣ ካርቶን ይህን ሁሉ ዘሏል። ከዚያ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ በተዘጋ የመኪና ኮፈን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መጋዘን ይከርማል። ሙቀት ባትሪውን ይጎዳል፤ ፈሳሹንም ያበላሻል። መተሐራ ወይም አዋሽ አካባቢ ቀትር ላይ መኪና ያቆመ ሰው የምለውን ያውቃል። ከእንዲህ ካለ ካርቶን እሳት ቢነሣ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ነው፤ የተከለከለ ዕቃ ነበር ብላችሁ ካሣ ልትጠይቁ አትችሉም።

ይህ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለው ኮሪደር የተመረጠበት ምክንያትም አለ። አዳማ ከምሥራቅ የሚመጣው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ እስከ ሞያሌ ይወርዳል። ዕቃ በፍጥነት የሚበተንበት መስመር ነው። ፍተሻውም የሚጠነክረው በዚሁ መስመር ነው። ደላላው የሚጨነቀው ከኬላ እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ሱቃችሁ ከገባ በኋላ አደጋው በሙሉ ወደ እናንተ ዞሯል። ለዚህም ነው በጥሬ ገንዘብ የሚሸጠው፤ ደረሰኝም የማይሰጠው። ያለ ደረሰኝ የገባ ዕቃ በመጽሐፋችሁ ላይ ወጪ ሆኖ አይመዘገብም፤ ሽያጩም አይመዘገብም። አንድ ካርቶን ቬፕ ለመደበቅ ብላችሁ ለገቢዎች የምታሳዩትን ሂሳብ ሁሉ ማጣመም ትጀምራላችሁ።

ፓኬቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች

«ይሄ 5000 ፐፍ ነው፣ ያኛው 10,000» ሲሏችሁ በቁጥሩ አትደነቁ። ፋብሪካው ቁጥሩን የሚያወጣው በማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚስብበትን ርዝመት ደግሞ ራሱ ፋብሪካው ይወስናል። አጭር አጭር አድርጎ ከሳበ ቁጥሩ ይበዛል። ሰው እንዲያ አይስብም። ስለዚህ የፐፍ ቁጥር ለዋጋ ማስወደጃ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም።

ሁለተኛው ቁጥር 5 በመቶ የሚለው ነው። ትንሽ ይመስላል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው ትልቁ መጠን 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ያውም ፈሳሹ ከ2 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ። ሂሳቡን ሥሩት። በአውሮፓ ሕግ አንዱ ቬፕ የሚይዘው ትልቁ ኒኮቲን 40 ሚሊ ግራም ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቬፕ ግን 500 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ። ፈሳሹ በከረሜላ ጣዕም ተሠርቶ፣ በደማቅ ቀለም ተሸፍኖ ትንሽ ልጅ እጅ ሲገባ መርዝ ነው። አብዛኞቻችን ሱቅና መኖሪያችን አንድ ግቢ ነው፤ ልጆቻችን የሚጫወቱት ካርቶኑ አጠገብ ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ተፍቆ የሚታየው የማረጋገጫ ኮድ ነው። «ኦሪጅናል ለመሆኑ ፋቅና አረጋግጥ» ይላችኋል። አስመስሎ የሚሠራው ሰው ፓኬቱን ካስመሰለ ኮዱን ለማስመሰል አይቸገርም፤ ኮዱ የሚወስዳችሁን ድረ ገጽ ጭምር አስመስሎ ይሠራዋል። ኦሪጅናልነትን በእርግጥ ሊነግራችሁ የሚችለው አገር ውስጥ ያለ የተመዘገበ ወኪል ብቻ ነው። የቬፕ ወኪል በሕግ ሊመዘገብ አይችልም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ኦሪጅናልነቱን የሚያረጋግጥላችሁ ቬፕ የለም።

የቅዳሜና እሑድ ገበያ

ደላላው ስለ ደንበኛው ሲያወራ የሚጠቅሰው የአዲስ አበባን ሰው ነው። ፈጣን መንገዱ ከ2007 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ አዳማን ለዋና ከተማዋ ሰፈር ያህል አቀረባት። ስብሰባው፣ ሠርጉ፣ ሆቴሉ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ላንጋኖ የሚወርደው የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ሁሉ ገንዘብ ያለው ወጣት ያመጣል። «እነርሱ ናቸው የሚገዙት፤ ዋጋ አይጠይቁም» ይላችኋል።

ሂሳቡን እስከ መጨረሻው እንከተለው። እሑድ ማታ ያ እንግዳ ይመለሳል። ካርቶኑ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። ከሰኞ እስከ ዐርብ ሱቃችሁ የሚመጣው የሰፈር ልጅ፣ የመሰናዶ ተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ካርቶኑ የሚያልቀው በእርሱ ነው።

ቬፕን ደግፎ የሚነገር ጠንካራ ክርክር መኖሩን አልክድም። አጫሽ በሚበዛባቸው አገሮች አንዳንድ አጫሾች ሲጋራ ለማቆም ይጠቀሙበታል፤ ብሪታንያ በዚህ መንገድ ሄዳለች። እዚያም ቢሆን በወጣቱ ዘንድ መስፋፋቱ አስጊ ሆኖ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዓይነት ከሰኔ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። ወደ እኛ ስንመጣ ግን ነገሩ ከመነሻው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነበር። ከመቶ 95ቱ አይጠቀሙም ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቬፕ ሲጋራ የሚያቆም ደንበኛ ላይ ተመሥርቶ በጅምላ ሊሸጥ አይችልም፤ ደንበኛው ስለሌለ። በጅምላ የሚሸጥ ከሆነ የሚገዛው አጭሶ የማያውቅ ልጅ ነው ማለት ነው። የገበያ ስሌቱ ራሱ ይህን ይናገራል፤ ከሼንዠን የሚላከው ካታሎግም የሐብሐብና የከረሜላ ጣዕም የበዛበት ለዚሁ ገዢ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። አዳማ በትምህርት ቤቶቿና በዩኒቨርሲቲዋ የወጣት ከተማ ናት። ወጣቶቹም በዱቤ ደብተራችን ላይ የእናቶቻቸው ስም የተጻፈ ልጆች ናቸው። እናታቸው በወር መጨረሻ ዘይትና ሳሙና ስትከፍለን፣ በዚያው ባንኮኒ ስር ለልጇ ሱስ እየሸጥን መኖር አንችልም።

ታዲያ ከቻይና ምን ይምጣ?

ቻይና ሸቀጥ ብቻ አይደለችም፤ አዳማ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ፈጣን መንገዱን፣ ባቡሩንና ከከተማዋ ዳር የሚሽከረከሩትን የነፋስ ማመንጫዎች የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ከዚያችው ከሼንዠን የሚመጣ ጥሩ ዕቃም አለ። ትራንሽን የተባለውን ኩባንያ ተመልከቱ፤ የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች ባለቤት ነው። ዋና ገበያው አፍሪካ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ አቆመ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በስልኩ ውስጥ ገባ፣ ካርልኬር በሚለው ስም የጥገና አገልግሎት ከፈተ። ስልኩ ሲበላሽ ደንበኛው የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ባለሱቁም በስሙ ላይ ቅሬታ አይሸከምም። አንድ ብራንድ ከኋላው የሚቆም ሰው አለው ስል ይህን ማለቴ ነው።

በዚህ ኮሪደር በቂ ገበያ አለ። የመቂና የባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች የውኃ ፓምፕ፣ ቱቦና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይፈልጋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከላቸው የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው፤ ቻርጀሩ፣ ገመዱና መለዋወጫው ሻጭ ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሁሉ ፓወር ባንክና የፀሐይ መብራት ይሸጣል። እነዚህን ስትመርጡ እኛ በንግዱ ውስጥ ያለነው የምንጠይቀውን ጠይቁ።

በመጀመሪያ፣ ዕቃው በየትኛው የጉምሩክ ቁጥር እንደሚገባና በንግድ ፈቃዳችሁ መሸጥ መቻል አለመቻሉን ትራንዚተር ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ከዋጋ በፊት ይምጣ።

ሁለተኛ፣ የምታወሩት ከፋብሪካው ጋር ነው ወይስ ከመሀል ነጋዴ ጋር? የቻይና የንግድ ፈቃዱን ጠይቁ፤ የሥራ ዘርፉ ማምረት ነው ወይስ ንግድ ብቻ የሚለው እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በቪዲዮ ስልክ ደውላችሁም የማምረቻ መስመሩን አሳየኝ በሉ። እውነተኛ ፋብሪካ ለማሳየት አይዘገይም።

ሦስተኛ፣ የጥራት ምርመራ ወረቀት ሲልኩላችሁ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ራሱን የመረመረውን ቤተ ሙከራ ጠይቁ። ብዙ ወረቀት የሌላ ሞዴል ነው። ለፀሐይ መብራት ከሆነ ቬራሶል በሚባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ ሞዴሉ መኖሩን አጣሩ።

አራተኛ፣ ሳምፕል አይሸውዳችሁ። ሳምፕሉ ተመርጦ ነው የሚላከው። ቀብዱን ከፍላችሁ ቀሪውን የምትከፍሉት ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ ከታየ በኋላ መሆኑን በውል አስገቡ። ለመርማሪ የምትከፍሉት ገንዘብ ከአንድ የተበላሸ ኮንቴይነር ኪሣራ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

አምስተኛ፣ መለዋወጫ። የፓምፕ ትእዛዝ ከሆነ ጎሚኒውንና ቫልቩን አብራችሁ እዘዙ። ገበሬው በመስኖ ወቅት ፓምፑ ቆሞ አንድ ሳምንት መጠበቅ አይችልም፤ በዚያ ሳምንት መለዋወጫ ያገኘበትን ሱቅ ግን ዕድሜውን አይረሳም።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለማንኛውም ቬፕ ብራንድ አቅርቡ። መጀመሪያው ላይ ይወድቃል።

ካርቶኑ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ ካርቶኑ ከባንኮኒ ስር እንዳለ አውቃለሁ። ኪሣራው እንዳይሰፋ አድርጉ። ለሌላ ባለሱቅ አታስተላልፉ፤ ያ ማከፋፈል ነው። «በዋጋዬ ላራግፈው» የሚለው ሐሳብ የብዙ ሰው ጥፋት የሚጀምርበት ነው። ባትሪ ስላለው አታቃጥሉት፤ ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። የሕግ ሰው አማክራችሁ በከተማችሁ ወዳለው የጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሳውቁ። ሱቅ ላይ የሚሠራውን ልጅም አስተምሩት፤ ደላላው እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት የሚመጣው እርሱን ፈልጎ ነው።

ደላላው ዳግመኛ ሲደውል ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ። ሦስቱንም ማምጣት እንደማይችል ያውቃል፤ እናንተም እንደምታውቁ ሲገባው ስልኩን ይዘጋል።

ለጅምላ አከፋፋዮች የምለው የተለየ ነው። ይህ ዕቃ በዚህ ኮሪደር ሥር መስደዱና አለመስደዱ በአብዛኛው በእናንተ እጅ ነው። ቸርቻሪው ራሱ ሼንዠን አይደውልም፤ መጋዘናችሁ መጥቶ ያገኘውን ይወስዳል። የአዳማ ጅምላ ሻጭ እንቢ ያለውን ካርቶን የመቂና የአርሲ ነጌሌ ባለሱቅ በቀላሉ አያገኘውም። እንግዲህ መጋዘናችሁን ለፓምፑ፣ ለመብራቱና ለቻርጀሩ አውሉት፤ ካርቶኑን የሚያመጣውን ሰው ደግሞ ከደጅ መልሱት።